ፔሌት ስቶቭ ኢንሰርት በነባሩ ጭስ ማውጫ እንዴት ይገጠማል?

መስከረም ጠብቶ ብርዱ ጫን ማለት ሲጀምር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ቤቱ ፋየርፕሌስ አለው፤ እንጨት መሸከሙ ሰልችቶናል፤ ፔሌት ስቶቭ እዚያው ውስጥ ማስገባት ይቻላል ወይ?» ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት ይኸው በጽሑፍ፣ ከልኬቱ እስከ መጀመሪያው እሳት። የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ላለ ቤት ስለሆነ መለኪያው ኢንችና ጫማ ነው፤ ደንቡም የዚያው አገር ነው።

ለማያውቀው፣ ፔሌት ማለት የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው፤ እንደ ዶሮ መኖ የተቆራረጠ። ኢንሰርት ደግሞ በነበረው ፋየርፕሌስ ሆድ ውስጥ ተንሸራቶ የሚገባ ስቶቭ ነው። ፔሌቱ ከቋቱ በሞተር እየተገፋ ወደ ማንደጃው ይወርዳል። አንድ ፋን ጭሱን ያስወጣል፤ ሌላው ፋን ሙቀቱን ወደ ሳሎን ይነፋል።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙ

የእንጨት ጭስ የራሱ ሙቀት ሽቅብ ይዞት ይወጣል። የፔሌት ጭስ ያን ያህል አይሞቅም፤ የሚያስወጣው ፋን ነው። ፋን ገፋ ማለት ቧንቧው ውስጥ ግፊት አለ ማለት ነው። ግፊት ካለ ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ታስገባለች። ስለዚህ የጡቡ ጭስ ማውጫ የጭሱ መንገድ አይደለም። የጭሱ መንገድ ከስቶቩ ጀርባ ተነስቶ ጣሪያ ላይ የሚወጣው፣ መሀል ላይ የትም የማያፈስ የብረት ቧንቧ ነው። የጡቡ ሥራ ቧንቧውን አቅፎ መያዝ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ካሉት እርምጃዎች አብዛኞቹ የመጡት ከዚሁ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ፋየርፕሌሳችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ።

በጡብና በሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ውስጡን ስታንኳኩት ላሜራ የሚመስል ድምፅ ከሰጠና ጣሪያው ላይ የሚታየው የብረት ቱቦ ከሆነ፣ ፋብሪካ የሠራው የብረት ሣጥን ነው። በቅርብ አሥርት ዓመታት በተሠሩ ታውንሃውሶች ውስጥ ይሄ በብዛት አለ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምትገዙት ኢንሰርት ማኑዋል «በፋብሪካ ፋየርፕሌስ ውስጥ ይገባል» ብሎ በግልጽ ካልፈቀደ አይገባም። የፋየርፕሌሱም አምራች መከልከል አለመከልከሉን፣ ውስጡ ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ የሞዴል ቁጥሩን ወስዳችሁ አጣሩ።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። መስታወቱ የማይከፈት፣ በስዊች የሚበራ የጋዝ ፋየርፕሌስ። እሱ ለእንጨትም ለፔሌትም የተሠራ ስላልሆነ ኢንሰርት አይገባበትም። በቃ።

ከዚያ ለኩ። የፊት ስፋት፣ የኋላ ስፋት፣ የፊት ቁመት፣ የኋላ ቁመት፣ ጥልቀቱ ከታችም ከላይም። ፊቱን ብቻ ለክቶ መግዛት አይሆንም፤ አብዛኛው ፋየርፕሌስ ወደ ውስጥ እየጠበበ፣ የኋላ ግድግዳውም ወደ ፊት እያዘነበለ ይሄዳል። ፊት ለፊት ልክክ ያለው ስቶቭ ጀርባው አልገባም ይላል። ከፋየርፕሌሱ ፊት ያለውን የማይነድ ወለልም ለኩ።

አንድ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከአንድ በላይ መተላለፊያ ሊኖር ይችላል። በተለይ አሮጌ ቤት ውስጥ የምድር ቤቱ ፈርነስ ወይም የውሃ ማሞቂያው በዚያው ጡብ በኩል ይተነፍስ ይሆናል። የእናንተ ቧንቧ የሚያልፍበት መተላለፊያ ለብቻው መሆን አለበት። ከሌላ ማሞቂያ ጋር መጋራት ክልክል ነው።

ካውንቲው ወይም ከተማው ጋ ደውላችሁ ፐርሚት ጠይቁ፤ ለቤት ኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እሳት ቢነሳ መድኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ይሄንኑ ወረቀት ነው። ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካላችሁ ጣሪያ ላይ የሚታየውን ቆብ በተመለከተ ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ያገለገለ ስቶቭ በርካሽ ካገኛችሁ ማኑዋሉና ጀርባው ላይ ያለው የማረጋገጫ ሰሌዳ መኖሩን እዩ። ከሌለ ተዉት፤ ኢንስፔክተሩ የሚያነበው እሱን ነው። ሻጩ «30 በመቶው ከታክስ ይመለስላችኋል» ካለ ደግሞ ያ የፌዴራል ቅናሽ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል።

ቧንቧው 3 ኢንች ይሁን 4?

በጣም የምጠየቀው ይሄ ነው። መልሱ ያለው በቀላል ሒሳብ ውስጥ ነው። ፋኑ ጭሱን ሲገፋ እያንዳንዱ መታጠፊያ ያደክመዋል፤ አግድም መሄድ ከሽቅብ መውጣት የበለጠ ያደክመዋል። አምራቾች ይህን ድካም ወደ ጫማ ይቀይሩታል። ብዙ ማኑዋሎች የሚጠቀሙት ይህንን ነው፦

- 90 ዲግሪ መታጠፊያ ወይም ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ)፦ 5
- 45 ዲግሪ መታጠፊያ፦ 3
- አግድም የሚሄድ እያንዳንዱ ጫማ፦ 1
- ሽቅብ የሚሄድ እያንዳንዱ ጫማ፦ ግማሽ

ድምሩ ከ15 ካለፈ 4 ኢንች ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከስቶቩ እስከ ጣሪያ ጫፍ 24 ጫማ ከሆነና ከታች አንድ ቲ ካለ፣ 24 በግማሽ 12፣ ሲደመር 5፣ 17 ይሆናል። 4 ኢንች ግዙ። 16 ጫማ ቢሆን ኖሮ 8 ሲደመር 5፣ 13 ነው፤ 3 ኢንች ይበቃ ነበር።

ከፍታም አለ። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ ይቸገራል። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ ከባሕር ወለል ከ5,000 ጫማ በላይ ናችሁና ማኑዋሉ የከፍታውን ክፍል የጻፈው ለእናንተ ነው። የቧንቧው ቁመት አጭር ቢሆንም 4 ኢንቹን እዩ። የእናንተ ማኑዋል ከዚህ የተለየ ቁጥር ከሰጠ ደግሞ የእኔን ተዉትና እሱን ያዙ። ስቶቩ የተፈተነው በዚያ ቁጥር ነው፤ ኢንስፔክተሩም የሚይዛችሁ በዚያ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ኢንሰርቱና የጎን መሸፈኛ ፓነሎቹ
- ለጠጣር ነዳጅ የተፈቀደ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ የስቴንለስ ስቲል ላይነር (በጡቡ ውስጥ የሚያልፈው የጭሱ ቧንቧ)፣ ከስቶቩ እስከ ጫፍ የሚደርስ። ዩኤል 1777 (የላይነር ደህንነት ስታንዳርድ) የሚል ምልክት ይኑረው
- ስቶቩን ከላይነሩ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር፣ ወይም ክዳኑ የሚከፈት የማጽጃ ቲ
- የላይ መዝጊያ ላሜራ፣ አንገት ማሰሪያና የዝናብ ቆብ
- ለታች መዝጊያ የሚሆን ላሜራና የላሜራ መቁረጫ
- ሮክዉል (ከድንጋይ የሚሠራ፣ የማይነድ ሱፍ መሰል መሙያ)፤ የተለመደው ሮዝ ፋይበርግላስ አይደለም
- ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ሲሊኮን፤ ቢያንስ 500 ዲግሪ ፋራናይት የሚችል
- የስቴንለስ ቪስ፣ ድሪል፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ
- የውጭ አየር ማስገቢያ የብረት ቱቦና የአይጥ መከላከያ ወንፊት
- መሰላል፣ ገመድ፣ የጣሪያ መታጠቂያ፣ ወፍራም ጓንት፣ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ
- የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ

የልብስ ማድረቂያ ቱቦ፣ ተራ የቆርቆሮ ቧንቧ፣ ለጋዝ ብቻ የተሠራው ቢ ቬንት የሚባለው ቧንቧ፣ እነዚህ ቤት ውስጥ ቢኖሩም ለዚህ ሥራ አይነኩም። የፔሌት ጭስ አመድና እርጥበት ይዞ ስለሚሄድ ስስ አሉሚኒየምን ይበላዋል። ቢ ቬንት ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጭስም ለዚህ ዓይነት ግፊትም አልተሠራም።

አሠራሩ

1. ጭስ ማውጫውን አስጠርጉና አስመርምሩ። እዚህ ላይ ባለሙያ ጥሩ፤ ሲኤስአይኤ (የአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደህንነት ተቋም) የምስክር ወረቀት የሰጠው የጭስ ማውጫ ጠራጊ ፈልጉ። ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ፣ የማሞቂያው ዓይነት ሲቀየር ደረጃ 2 ምርመራ ይጠይቃል። ካሜራ አስገብተው የውስጡን ሸክላ ከላይ እስከ ታች ያዩታል። ለምን መሰላችሁ? የድሮው እንጨት የተወው ታር የመሰለ ጥቀርሻ ግድግዳው ላይ ካለ የሚቀጣጠል ነዳጅ ነው። አዲሱ ቧንቧ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚጠርገው የለም። ከዚያም በላይ በዝናብ ሲርስ ሽታው ሳሎን ይገባል።

2. ዳምፐሩን አውጡ። ጭስ ማውጫው አንገት ላይ ያለው የብረት ክዳን ነው። ብዙ ጊዜ በፒን ወይም በብሎን የተያዘ ስለሆነ ይፈታል። የክዳኑ ፍሬም ቧንቧውን ካላሳለፈ በግራይንደር ጥቂት ማስፋት ይቻላል፤ በጡቡ ፋየርፕሌስ ላይ ብቻ። ከአፉ በላይ ጡቡን የተሸከመውን ብረት ግን እንዳትነኩ፣ ግድግዳውን የያዘው እሱ ነው። የፋብሪካ ሣጥን ከሆነ ማኑዋሉ ከፈቀደው ውጭ ምንም አትቁረጡ። ከኢንሰርቱ ጋር «ይህ ፋየርፕሌስ ለኢንሰርት ሲባል ተለውጧል፤ እንደ ቀድሞው እንጨት ከመንደዱ በፊት ይመርመር» የሚል ትንሽ ሰሌዳ ይመጣል። ውስጥ ለጥፉት። ቤቱን ነገ ለሚገዛው ሰው ነው።

እዚያው ውስጥ የጋዝ መለኮሻ ቧንቧ ካለ ፈቃድ ያለው ሰው ጠርታችሁ አስደፍኑት። ቁልፉን ዘግቶ መተው አይበቃም።

3. የፊቱን ወለል አስተካክሉ። ማኑዋሉ ከስቶቩ ፊትና ጎን ስንት ኢንች የማይነድ ወለል እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ለፔሌት ብዙ ጊዜ 6 ኢንች አካባቢ ነው። በር ሲከፈት ፍም የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ምንጣፍ ወይም የእንጨት ወለል ከዚያ ውስጥ ከገባ በሴራሚክ ወይም በተፈቀደ ሰሌዳ ሸፍኑት። ቀና በሉና ከላይ ያለውን የእንጨት መደርደሪያም ለኩ። ትልቅ ቲቪ ከፋየርፕሌስ በላይ የሰቀላችሁ ብዙ ናችሁ። ስቶቩ ሞቃት አየር የሚተፋው ከዚያ ሥር ነው።

4. ኤሌክትሪኩን አቅርቡ። ስቶቩ ያለ መብራት አይሠራም። ኧርዝ ያለው የ120 ቮልት ሶኬት በቅርብ ይኑር። ሲለኮስ መለኮሻው ብቻውን መቶዎች ዋት ይስባል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ስለዚህ በኤክስቴንሽን ገመድ አትሂዱ። ሽቦው ከስቶቩ ጀርባና ከቧንቧው ራቅ ብሎ ይለፍ። ሶኬት ማስጨመር ካስፈለገ ለኤሌክትሪሺያን ተዉለት።

5. የውጭ አየር አምጡ። እሳቱ የሚበላው አየር ከየት ይምጣ? ከሳሎን ከሆነ ስቶቩ ያሞቃችሁትን አየር በጭስ ማውጫው ያስወጣዋል፤ በምትኩ ብርድ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። የባሰው ደግሞ የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። ቁሌት እየተቁላላ የኩሽናው ሁድ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፤ ያኔ ከስቶቩ ፋን ጋር ገመድ ጉተታ ይጀምራሉ። ሁዱ ካሸነፈ እሳቱ ይሰንፋል፣ ጭሱም ይመለሳል። አየሩን ከውጭ በቀጥታ ካመጣችሁለት ይሄ ይቀላል።

በጡብ ፋየርፕሌስ ውስጥ ቀላሉ መንገድ ወለሉ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ያለው የአመድ መጣያ በር ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ቱቦውን በዚያ አሳልፉ። ከሌለ የኋላውን ጡብ መብሳት ይመጣል። ቱቦው የብረት ይሁን፤ ስፋቱ ማኑዋሉ የሚለው። ውጭ ያለው አፉ በወንፊት ይዘጋ። በረዶ ከሚከመርበትም ከፍ ይበል፤ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከጋራዥ ወይም ከጣሪያ ሥር አየር መሳብ የለም። ሲያትል ላላችሁ ደግሞ የውጭ አየር ምርጫ አይደለም፤ የዋሽንግተን ስቴት የግንባታ ደንብ ይጠይቀዋል።

6. ላይነሩን ከላይ አውርዱ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ከታች። ላይነሩ ላይ የጭሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ ወደ ላይ ይመልከት። መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርጉትና ቀጥ አድርጉት። የታችኛውን ጫፍ በገመድ እሰሩ፤ ገመዱን በጭስ ማውጫው ልቀቁት። ላዩ እየለቀቀ ታቹ ቀስ እያለ ይሳብ። ሲይዝ በኃይል አትጎትቱ፤ ትንሽ ዞር አድርጋችሁ መልሱትና እንደገና። የተጨማደደ ወይም የተቀደደ ላይነር ውስጡ አመድ ይይዛል፤ የተቀደደበትም ቦታ ያፈስሳል።

ጭስ ማውጫው ከቤቱ ውጭ በኩል የቆመ ከሆነ ላይነሩን ከመውረዱ በፊት በተፈቀደለት መጠቅለያ ጠቅልሉት። የቀዘቀዘ ቧንቧ ውስጥ ጭሱ እርጥበት ያወጣል፣ አመዱም እንደ ጭቃ ይለጠፋል። በጡቡ ዙሪያ የቤቱ እንጨት የሚነካ ከሆነ ደግሞ መጠቅለያው ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በምርመራው ጊዜ ጠራጊውን ጠይቁት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ጣሪያው በጣም ተዳፋት፣ እርጥብ ወይም በረዶ የያዘ ከሆነ አትውጡ። ለምርመራ የመጣውን ሰው ላይነሩን እንዲያወርድና ላዩን እንዲዘጋ ብቻ ክፈሉት፤ ወለሉን፣ አየሩንና የታቹን ሥራ ራሳችሁ ሥሩ። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይሄን ነው።

7. ላዩን ዝጉ። ሸክላው ጫፍ ላይ ሲሊኮን ዙሪያውን አድርጉ፣ የላይ መዝጊያውን ላሜራ አስቀምጡ፣ ላይነሩን በአንገቱ አስወጥታችሁ በማሰሪያው አጥብቁ። ከዚያ ቆቡን። የላይነሩ ክብደት የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ማሰሪያው ላላ ማለት የለበትም። ይሄ ላሜራ ዝናብንም፣ ወፍንም፣ ከላይ የሚወርደውን ብርድም ይከለክላል።

8. የታቹን መዝጊያ ሥሩ። ሰው ሁሉ የሚዘለው እርምጃ፣ በኋላ ደግሞ «ስቶቩ አያሞቅም» እያለ የሚደውልበት። ዳምፐሩ በነበረበት ቁመት ላይ፣ ላይነሩ በሚያልፍበት ቀዳዳ የተበሳ ላሜራ ቁረጡ። ከላይ ሮክዉል ጠቅጥቁበት፣ ጠርዙን በሲሊኮን ዝጉት። ያለዚህ ከስቶቩ ጀርባና አናት የሚወጣው ሙቀት ባዶውን ጡብ እያሞቀ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ፋይበርግላስ እዚህ ቦታ የለውም፤ ማያያዣው በሙቀት ይቃጠላል፣ ይሸታል።

9. ስቶቩን አስገቡ። ብዙ ኢንሰርት ከ200 እስከ 400 ፓውንድ ይመዝናል። የሚነቀለውን ሁሉ ንቀሉ፤ አመድ መያዣውን፣ ፓነሉን፣ ከተቻለ በሩን። ወለሉ ላይ ወፍራም ካርቶን አንጥፉ። ሦስት ሰው ይሁን። ወገባችሁን አትርሱ። ካስገባችሁ በኋላ ውሃ ልክ አስቀምጡበትና በእግሮቹ ብሎኖች አስተካክሉ፤ ያዘነበለ ስቶቭ ፔሌቱ ወደ አንድ ጎን ይከማቻል፣ እሳቱም እኩል አይሆንም።

10. አገናኙ፣ አሽጉ። አንዳንድ ሞዴል መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይነሩ ላይ ታስሮ ስቶቩ ሲገባ ይገጣጠማል፤ አንዳንዱ ከገባ በኋላ ከላይ በእጅ ይታሰራል። የእናንተን ማኑዋል እዩ። በሁለቱም መንገድ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ቪስ እንዳይላቀቅ ይይዘዋል፤ ሲሊኮን እንዳያፈስ ይዘጋዋል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሲሊኮኑ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሙሉ ይድረቅ። ጠጋ ብላችሁ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን አብሩና እዩ፤ ጀርባው በተለይ ይረሳል።

ፓነሎቹን ከመዝጋታችሁ በፊት ኢንስፔክተሩ ውስጡን ማየት ይፈልግ እንደሆነ ካውንቲውን ጠይቁ። ዘግቶ እንደገና መፍታት ያናድዳል።

11. ማንቂያዎቹን ስቀሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቶቩ ባለበት ፎቅና በየመኝታ ክፍሉ አካባቢ ይኑር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝታችሁ ሳለ የሚያስነሳችሁ እሱ ማንቂያ ብቻ ነው። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል ብላችሁ ባትሪውን የምታወጡ አላችሁ። እሱን አትንኩት፤ ቡናውን ሁዱ ሥር ቁሉት፣ ወይም መስኮት ክፈቱ።

12. የመጀመሪያውን እሳት ለኩሱ። መስኮት ከፍታችሁ፣ ዝቅተኛው ላይ። ቀለሙ ሲጋገር ይሸታል፣ ትንሽም ይጨሳል፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ልጆችንና አስም ያለበትን ሰው ከክፍሉ አርቁ። የቀለም ሽታ አንድ ነገር ነው፣ የእንጨት ጭስ ሽታ ሌላ። የእንጨት ጭስ ከሸተታችሁ ወይም ማንቂያው ከጮኸ አጥፉ፣ ውጡ፣ ቤቱን አናፍሱ፤ የሚያፈስሰው መገጣጠሚያ ሳይገኝ እንደገና አይለኮስም።

ከዚያ እሳቱን አንብቡ። ረጅም፣ ሰነፍ፣ ጫፉ የጠቆረ ነበልባል ካያችሁ አየር አንሶታል። አጭር ሆኖ እየጮኸ ፔሌቱን ከማንደጃው የሚያስፈነጥር ከሆነ አየር በዝቶበታል። ጥሩው ብሩህ ቢጫ፣ ቀልጠፍ ያለ ነበልባል ነው። አየሩን በጥቂት በጥቂቱ ቀይሩና ጠብቁ፤ ለውጡ ወዲያው አይታይም።

ሰዎች የሚሳሳቱበት

*ቧንቧውን ዳምፐሩ አለፍ ብሎ መተው።* ላይነር ለመቆጠብ ጥቂት ጫማ ብቻ ያስገቡና ቀሪውን ለጡቡ ይተዉታል። ሰፊ ጡብ ውስጥ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ አመዱ ግድግዳው ላይ ይከመራል፣ ነፋስ ሲነሳ ወደ ታች ይመለሳል። አንዳንድ ማኑዋል ይሄን ቢፈቅድም እስከ ጫፍ አድርሱት።

*ተራ ሲሊኮን።* ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሙቀቱን አይችልም። ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀበትንም ከፓነሉ ጀርባ አታዩትም።

*ትልቅ ስቶቭ ይሻላል ማለት።* ለቤቱ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ስቶቭ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ላይ ይሠራል፤ መስታወቱ ይጠቁራል፣ ቧንቧው ቶሎ ይሞላል።

*የግድግዳ ቴርሞስታት በግምት ማገናኘት።* ብዙ ፔሌት ስቶቭ የሚቀበለው ዝቅተኛ ቮልት ቴርሞስታት ነው። ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተሠራውን ከፍተኛ ቮልት ካገናኛችሁ የስቶቩ ቦርድ ይቃጠላል።

*መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አለማሰብ።* ፋኑ ይቆማል፣ ማንደጃው ውስጥ ያለው ፔሌት ግን ጥቂት ይጨሳል። ሽቅብ የሚሄደው ላይነር በራሱ የተወሰነውን ይስባል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው በሩን አለመክፈት ነው። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ከሆናችሁ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) ግዙ፤ ርካሹ የስቶቩን ሞተር ያስጮኸዋል።

ፔሌትና ጽዳት

ከረጢቱ 40 ፓውንድ ነው፤ አንድ ቶን ማለት 50 ከረጢት። ከረጢቱ ላይ የፒኤፍአይ (የአሜሪካ የፔሌት አምራቾች ተቋም) ፕሪሚየም ምልክት ያለውን ግዙ፤ አመዱ ከ1 በመቶ፣ እርጥበቱ ከ8 በመቶ አይበልጥም። ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ውሃ የነካው ፔሌት ያብጥና ወደ ሰጋቱራነቱ ይመለሳል፤ ወደ ማንደጃው የሚገፋው ጠመዝማዛ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይደፍነዋል።

ማንደጃዋን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ስቶቩ ቀዝቅዞ ሳለ ፋቁ። ቀዳዳዎቿ በደነደነ አመድ ከተደፈኑ አየር አይገባም፣ እሳቱም ይሰንፋል፤ «ስቶቩ ተበላሸ» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይሄው ነው። ላይነሩን ቢያንስ በዓመት አንዴ በብሩሽ አስጠርጉ፤ የቲውን የታች ክዳን ግን ወቅቱ መሀል ላይ አንዴ ክፈቱት፣ አመዱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ስቶቩ ተስቦ በሚወጣበት ሞዴል ከሆነ መገጣጠሚያውን ስትመልሱት ጋስኬቱን (ማሸጊያውን) እዩ፤ ከተሰበረ ቀይሩት፣ ሲሊኮን ከተላቀቀ ጨምሩ።

አመዱን በብረት ባልዲ፣ ክዳን ባለው፣ ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት በረንዳ ርቆ አስቀምጡ። የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ውስጥ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ጋራዥ እንዳታስገቡት። ለቤት ምንጣፍ በምትጠቀሙበት ቫኪዩምም አትሳቡት፤ ፍሙ ከረጢቱ ውስጥ ይቀጣጠላል፣ ደቃቁ አመድም በፊልተሩ አልፎ ቤቱን ይሞላዋል። ለአመድ ተብሎ የተሠራ ቫኪዩም አለ፤ እሱም ቢሆን ለቀዘቀዘ አመድ ነው።